ሽማግሌዎቼና ሰው የሚያሻግረው ብርሃን

በቴሌቪዥን የሚያሳዩትን የጠፈር ፊልም አይታችሁታል? ያ እንኳ፣ ሰዎቹ ቆመው ሳለ ብርሃን ይወርድባቸውና ብን ብለው ጠፍተው ሌላ ዓለም ላይ የሚገኙበት። «ይሄ ነገር የምር ይሆናል?» እያሉ የሚያደርቁኝ ብዙ ናቸው። ሳይንስ ተማርኩ እንጂ ጥንቆላ አልተማርኩም!

በፊልሙ ውስጥ በሩ ሰው ሲቀርበው በራሱ ይከፈታል። ይሁን። እኛ ቀራንዮ የቆርቆሮ በራችንን በትከሻ ገፍተን ነው የምንገባው። የጠፈር መርከቡ አዛዥ ደግሞ ከኪሱ ትንሽ ዕቃ አውጥቶ ሰማይ ላይ ካሉት ጋር ያወራል። እኛ ናዝሬት ለመደወል ስልክ ቤት ተሰልፈን፣ ጮኸን ጮኸን ድምፃችን ተዘግቶ እንመለሳለን። እሱንም ልቀበል። በዚያ ብርሃን ላይ ግን ቂም አለኝ።

አስቴርን ወደድኩ። አባቷ አቶ ወልዴ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ማርና ኮረሪማ ይነግዳሉ፤ ከሰፈሩ ሰው ቴሌቪዥን ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ ነጌሌ ቦረና እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። አንድ ልጃቸውን እዚያ ድረስ ይሰጡኛል? ያለ እሷ መሄድ ደግሞ አልችልም፤ ምን ልደብቃችሁ፣ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። አጎቴን ጋሽ መኮንንን ለምኜ፣ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሽማግሌ ላክኋቸው።

የሄዱት አመሻሽ ላይ ነው። ፊልሙ ተጀምሯል። አቶ ወልዴ «ይሄ ይለቅና እንነጋገራለን» ብለው አስቀመጧቸው። ጋሽ መኮንን ቴሌቪዥን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሰውየው ብን ሲል አማተቡ።

ሽማግሌ ሲላክ ልጁን ማሞገስ ደንብ ነው። ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ ታዛዥ ነው ይባላል፤ ማን ይመረምረዋል? አቶ ወልዴ ግን «ነጌሌ ሩቅ ነው። ልጄ ስትወልድ እናቷ በምን ትደርስላታለች?» አሉ። የጋሽ መኮንን ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ ሄደ።

«ስለሱ አያስቡ! ልጃችን የተማረው ይሄንኑ ሳይንስ አይደል? አሁን ያየነውን ማሽን ይሠራላቸዋል» አሉ። ሁለቱም ሽማግሌዎች «እውነት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንብ ነዋ!

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ አስቴር ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። እናቷም ከጓዳ ድምፃቸውን አውጥተው «የአራስ ቅቤውንስ አብሮ ያሻግራል?» ብለው ጠየቁ።

«ንጉሥ ይሙት! ጠብታ አይፈስም» ብለው ማሉላቸው ጋሽ መኮንን።

አቶ ወልዴ «ጥሩ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነሡ።

«ቆይ፣ ተቀመጡ እንጂ! የሰጠሁት ቃላችሁን ይዤ ነው። ማሽኑ ተሠርቶ፣ ባለቤቴ በሱ ነጌሌ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ፣ ልጆቹ እዚሁ እኛ ግቢ ይቀመጣሉ።»

ሽማግሌ ምሎ ቃሉን ያጥፋ? ጋሽ መኮንን አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ።

ተጋባን። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ነጌሌ ግን ቀረ፣ ማስተማሩም ቀረ። አሁን አማቼ ሱቅ ውስጥ ማር እመዝናለሁ። ደንበኛ መጥቶ «ይሄ የተማረ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?» ሲል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት አቶ ወልዴ ይቀድሙኛል።

«ማሽን እየሠራ ነው» ይላሉ። «እኛም አናስቸኩለውም።»