የዓለም ነው፣ የቤት አይደለም

በየሰፈሩ የዓለምን ጭንቅ በግሉ የተረከበ አንድ ሰው አይጠፋም። በሰቆጣው በእኛ ሰፈር ተረካቢው ክቡር አያ ወልደ ጻድቅ ናቸው። የራሳቸው ማሽላ ማሳ ላይ ሲደርቅ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ በማያውቁት አገር ጎርፍ ገባ ሲባል ግን እህል አይቀምሱም። ጎህ ሲቀድ ትንሿን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡና ቤት ለቤት ይዞራሉ።

"ሰማችሁ? አልሰማችሁም!" መልስ አይጠብቁም።

ባለፈው ኅዳር ዓለም ሥራ አብዝታባቸው ነበር። ወሩ በመሬት መንቀጥቀጥ ገባ። ቀጥሎ አንድ መንግሥት ወደቀ፣ ነዳጅ ተወደደ፣ የሆነ ቦታ ተኩስ አቁም ተፈርሞ ሳምንት ሳይሞላው ፈረሰ። "እኔ እኮ ድሮም አላመንኩትም" አሉ፣ ሳያማክሯቸው የፈረሙ ይመስል ቅር ብሏቸው።

የመንቀጥቀጡ ዕለት ታዲያ ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶት ነበር። በማለዳ፣ ዝም ብለው፣ ከኪዳን የሚመለሱ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው እየተከተሉ የጎረቤቴን የተዋበችን በር አንኳኩ። እኛ ዘንድ መርዶ የሚመጣው እንደዚያ ነው፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ በዝምታ። የአባቴንም ያረዱን እንዲሁ ነው። ደግሰው የሚባለው የተዋበች ልጅ ደግሞ ወደ ዓረብ አገር ልሻገር ብሎ ከወጣ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቷል። በሩን ከፍታ ሦስቱን ስታይ "ልጄን!" ብላ ደረቷን መታች፤ ወደቀች። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ደረሰ።

"ኧረ እስያ ነው! መሬት ነው የተንቀጠቀጠው!" ይላሉ አያ በታፈነ ድምፅ። ማን ይስማቸው።

"እግዜር ይይልዎ!" አለች ተዋበች፣ ነፍሷ መለስ ሲል። "እስያን እኔ ደጅ ምን አመጣት?"

ከዚያ ወዲህ ገና ከመታጠፊያው ጀምረው ይጮኻሉ፦ "እኔ ነኝ! የዓለም ነው፣ የቤት አይደለም!" ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል። ትራሴን ጆሮዬ ላይ እየጫንኩ ስንት ጊዜ ረገምኳቸው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ባሕር ላይ መስጠሟን ከስልኬ ሰማሁ። አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው ተባለ። ሮጬ ወጣሁ። አያ ወልደ ጻድቅ ከተዋበች ደጅ ቆመው የሩቅ አገር ምርጫ በእጃቸው ጭምር ያስረዳሉ።

"ሌላስ የለም?" አለቻቸው፣ ዓይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል።

"ሌላማ... ባትሪው አለቀ።"

ራዲዮዋ ጋቢያቸው ሥር ታጉተመትም ነበር። በክንዳቸው አፈኗት።

መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። "አያ፣ አልሰሙም እንዴ?"

"ሰምቻለሁ። ስም አልጠሩም። ስም ሳይጠራ መርዶ ይነገራል እንዴ፣ ልጄ?" ራዲዮዋን መልሰው ጆሯቸው ላይ ለጠፏት።

ስሞቹ እስካሁን አልመጡም። እኔም ከጩኸቱ ቀድሜ መንቃት ጀምሬያለሁ፤ ትራሴን ከጆሮዬ አንሥቼ እጠብቃለሁ። "የዓለም ነው!" ሲሉ እፎይ ብዬ እገላበጣለሁ። የምፈራው፣ አንድ ማለዳ አያ ወልደ ጻድቅ ዝም ብለው የመጡ እንደሆነ ነው።