ሁሉን የሚያጣራው ዩሱፍ

ለመሆኑ የገዛ ጥላውን የሚጠራጠር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከድንበር ማዶ ቡላኦስ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጠው የድሬዳዋው ወዳጄ ዩሱፍ እንዲያ ነው። እህቱ የላከችለትን ሳምቡሳ እንኳ ከፍቶ ሳያይ አይጎርስም።

በኮምፒውተሩማ የባሰ ነው። እያንዳንዱ ፋይል እንደ ጣት አሻራ የራሱ መለያ አለው፤ አንዲት ፊደል ብትነካ መለያው ይለወጣል። ዩሱፍ «አጣሪ» የሚለው ፕሮግራም ይህን መለያ ደህና መሆናቸው ከታወቁ ፋይሎች መለያ ጋር ያስተያያል።

ትናንት ሲያስፈትሽ ሁሉም «የታወቀ» እየተባለ አለፈ። የመጨረሻው ላይ «የማይታወቅ» ብሎ ቆመ። ኤሲው እየሠራ ላብ አጠመቀን። ጠጋ ብዬ ስሙን ሳነብ፣ አጣሪው ራሱ ነው!

«ዩሱፍ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ሚኒባስ ውስጥ የተዋወቅኩት ሰው በፍላሽ ሰጠኝ። ወላሂ፣ ጥሩ ሰው ነው።»

«ስሙ ማነው?»

ዩሱፍ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት፣ የኮምፒውተሩ ካሜራ መብራት በራሱ በራ።