ልቤን ስቆጥር

ልብ እስካልቆጠሩት ድረስ ጨዋ ሠራተኛ ነው። ፈቃድ አይጠይቅም፣ እድገት አይጠይቅም፣ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔና የኔው ልብ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስንት መታህ ሳልለው፣ እሱም አንድም ቀን የት ልትወስደኝ ነው ሳይለኝ በሰላም ኖረናል። ችግር የሚመጣው ሰውዬው ቆጣሪ የገዛ ዕለት ነው። የመብራት ቆጣሪ እንኳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስንቱን እንቅልፍ ይነሳል፤ ክንድ ላይ የታሰረው ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው?

እርግጥ የገዛሁት ለልቤ ብዬ አልነበረም። ሥራዬ ለንደን ውስጥ ያለቦታቸው የቆሙ መኪናዎችን እየፈለግሁ መቅጣት ነው። ኪልበርን የምትባለውን ሰፈር ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ በእግሬ ስለካት እውላለሁ። ስንት እርምጃ እንደምሄድ ማወቅ አማረኝና የእጅ ሰዓት የመሰለ ነገር ገዛሁ። እርምጃ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይቆጥራል። በቀን ስንት ባለመኪና ልብህ ይቁም ብሎ እንደሚረግመኝ ግን አይቆጥርም። ቢቆጥር ኖሮ ደግ ነበር፣ ከዚህ በታች ለማወራችሁ ነገር ማስረጃ ይሆነኝ ነበር።

በብርዱ ወር መሃል አንድ ቫይረስ ያዘኝ። ስሙን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሃርልስደን ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኛሁ። ትኩሳት የራሱ ውበት አለው ብል ትታዘቡኛላችሁ? አለው። ጣሪያው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይርቃል፤ አልጋው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ከመስኮቴ ስር የሚያልፈው ባቡር በራስጌዬ ገብቶ በግርጌዬ ይወጣል፤ ተሳፋሪዎቹም ሲያልፉ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል። አንዷ ጃንጥላዋን ረስታብኝ ወርዳለች። እንዲህ በሚጣፍጥ ዓለም ውስጥ ሆኜ ነው እንግዲህ ክንዴን ቀና አድርጌ ያየሁት። መቶ አስራ ስምንት ይላል።

መቶ አስራ ስምንት! ዳገት ሳልወጣ፣ ከባለመኪና ሳልጣላ፣ በጀርባዬ ተኝቼ። የጤና መጠየቂያ ስልክ ደወልኩ። ድምጿ የለሰለሰ ነርስ አነሳች፤ ደረትህን ያምሃል ወይ አለችኝ፣ አያመኝም አልኩ። ትንፋሽ ያጥርሃል ወይ፣ ራስህን ያስትሃል ወይ፣ አሁንም የለም የለም አልኩ። እንግዲያው ትኩሳት ሲኖር ልብ መፍጠኑ የተለመደ ነው፣ ፈሳሽ ጠጣ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ፣ እረፍ፣ ከጠየቅሁህ አንዱ ከመጣ ግን ወዲያው ደውል ብላ በትህትና ተሰናበተችኝ። ምክሯ እንከን አልነበረውም። እንከኑ እኔ ሐበሻ ሆኜ መስማቴ ነው። እኛ አገር ሐኪም ምንም የለብህም ካለ፣ በሽታው ለዘመድ ተነግሯል ማለት ነው።

ዘመድ በአጠገቤ ስላልነበረ የሼፈርድስ ቡሹ ጓደኛዬ ካሳሁን ጋ ደወልኩ። ካሳሁን የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አለው፤ ወሬም አብሮ ይሸጣል ይሉታል፣ ሐሜት ነው፣ በነፃ ነው የሚሰጠው። ልቤ መቶ አስራ ስምንት እየመታ ነው፣ ክንዴ ላይ ያለው መሣሪያ ነው የነገረኝ አልኩት። አይዞህ፣ ቼክ አደርግሃለሁ ብሎ ዘጋ። እኔም ወደ ባቡሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቤቴ በር ተደወለ።

በስደት የምንኖር ሰዎች ምን እንደምንፈራ ታውቃላችሁ? ሌባ አይደለም። በጠዋት የሚደወል በር ነው። ለንደን ውስጥም መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ያሉት እዚህ ላለ ወዳጅ ይደውላሉ፤ ወዳጅ ትልልቅ ሰዎችን ይሰበስባል፤ ሰዎቹ ባለጉዳዩ ለሥራ ሳይወጣ ገና በማለዳ ከደጁ ይደርሳሉ። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁና ሥርዓቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ጥቁር ይለበሳል። ሽማግሌ ይቀድማል። ቁርስ በላህ ወይ ይባላል። ስልኩ ከእጁ ይወሰዳል፣ ማንም ሳያስበው ደውሎ እንዳያፈርጠው። ውሃ ይቀርባል። ከዚያ ጠንከር በል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል።

እናቴ አዲስ አበባ ናት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሷ ሌላ በጠዋት መርዶ የሚያስመጣብኝ ሰው የለኝም።

በሩን ስከፍት ከፊት የቆሙት ጋሽ መርዕድ ናቸው። ጋሽ መርዕድ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ከኋላቸው እትዬ ዘውዲቱ፣ ለቅሶም ሆነ ሰርግ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት የሰፈራችን እናት፣ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍተዋል። ከሁሉም ኋላ ካሳሁን መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ማንም ደህና አደርክ አላለኝም። ክንዴን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፣ መቶ ሃያ ስድስት።

ግቡ አልኳቸው። ገቡ፤ እንደ ሕልም ሰው ድምፅ ሳያሰሙ፣ ወለሉን ሳይረግጡት የገቡ መሰለኝ። ጋሽ መርዕድ ትከሻዬን ይዘው አልጋዬ ላይ አስቀመጡኝና ቁርስ በላህ ወይ አሉኝ። እትዬ ዘውዲቱ ስልኬን ከትራሴ ስር አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ካሳሁን ሳይነገረው ወደ ማድቤት ሄዶ ውሃ በብርጭቆ ይዞ መጣ። መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ውሃውን ተቀብዬ ያዝኩት፣ ግማሹ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ምን እንደተሰማኝ ልደብቃችሁ አልችልም፤ ፈራሁ፣ እንደ ሕፃን ፈራሁ። ባለፈው እሁድ ለእናቴ ስደውልላት ሥራ አለብኝ ብዬ ቶሎ መዝጋቴ ትዝ አለኝ። ሥራ አልነበረብኝም፣ ኳስ እያየሁ ነበር።

ጋሽ መርዕድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጄ ሁሉም በእግዜር እጅ ነው፣ ጠንከር በል አሉኝ።

እናቴ መቼ አረፈች አልኳቸው።

ባቡር አለፈ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰላም ያለኝ የለም። ጋሽ መርዕድ እትዬ ዘውዲቱን አዩ፣ እትዬ ዘውዲቱ እኔን አዩና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? ክንዴ ላይ ያለው ነገር ይንጫጫ ጀመር። መቶ አርባ ስምንት። ጋሽ መርዕድ ድምፁን ሲሰሙ ብድግ ብለው፣ ካሳሁን፣ መሣሪያው እያቆመ ነው፣ አምቡላንስ ጥራ አሉ።

የምን መሣሪያ አልኩኝ።

ነገሩን የተረተረው ካሳሁን ነው፣ ቀድሞ የተበተበውም እሱ ስለነበረ። እናትህ ደህና ናቸው፣ እኛ ላንተ ብለን ነው የመጣነው አለኝ። እሱ በበኩሉ ለአንዲት ደንበኛ ብቻ ልቡ ፈጥኖበት ተኝቷል ብሎ ነበር፤ ያቺ ደንበኛ ልቡን አሞታል አለች፤ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ጋሽ መርዕድ የሰሙት ልቤ ተኝቷል የሚል ነው፤ ሲመሽ ደግሞ እትዬ ዘውዲቱ ዘንድ የደረስኩት ልቤ ቆሞ ክንዴ ላይ በታሰረ መሣሪያ ብቻ የምተነፍስ ሰው ሆኜ ነው። ቁርስ የጠየቁኝ መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳልወስድ ነው። ስልኩን የወሰዱት ሰው እየደወለ እንዳያደክመኝ ነው። ጥቁሩ ካፖርት የሥራ ልብስ ነው፤ ጋሽ መርዕድ ሺፍታቸው አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። እትዬ ዘውዲቱ ያለቀሱት ደግሞ በትኩሳት አእምሮዬን የሳትኩ መስሏቸው ነው። እኔ የሞት መልእክተኛ አድርጌ ስፈራቸው፣ እነሱ ሬሳ በሩን የከፈተላቸው ያህል እኔን ፈርተውኛል።

ሳቅን። እትዬ ዘውዲቱ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። እኔ ግን አላመንኳቸውም። በእኛ ዘንድ ደህና ናት የሚባለው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኬን ስጡኝ አልኩ፤ እትዬ ዘውዲቱ ትንሽ አመነቱና፣ ምናልባት ትንሽ ቆይተህ ብትደውል አሉኝ። ማመንታታቸው ዳግም ልቤን አዘለለው። ቦርሳቸውን ራሴ ከፍቼ አወጣሁና ደወልኩ።

ረጅም ጠራ። ያነሳችው እናቴ አልነበረችም፣ ድምፅዋ የጎረነነ አንዲት ጎረቤት ናት። ከኋላዋ የብዙ ሰው ጉርምርምታ ይሰማል። እናቴስ አልኳት። እሷ ወደ ቤቱ ዞራ፣ ኧረ ይናገራል፣ እሱ ራሱ ነው አለች። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ፤ አንዱ ተመስገን ይላል፣ ሌላዋ ትጮኻለች። በመጨረሻ የእናቴ ትንፋሽ መጣ። ድምፅዋን ሳታሰማኝ ትንፋሿን አወቅሁት።

ደህና ነህ አለችኝ። ደህና ነኝ እማዬ አልኩና፣ ደስታው አሰክሮኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ በጠዋት መምጣታቸውን፣ ጥቁሩን ካፖርት፣ ውሃውን፣ አንቺን ያጣሁ መስሎኝ ልቤ በደቂቃ መቶ አርባ ስምንት ጊዜ እንደመታ። ቁጥሩን ስናገር፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ እንደ ፈተና ውጤት ትንሽ ኮራ ብዬ ነው። እንዲህ እወድሻለሁ፣ ማስረጃም አለኝ ማለቴ ነበር።

እሷ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ የራሷን ነገረችኝ። እዚያው አዲስ አበባ ያለችው የእትዬ ዘውዲቱ እህት፣ ማታ ከለንደን ተደውሎላት፣ ገና ሳይነጋ ስድስት ሰው አስከትላ መጥታለች። ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቁርስ በልተሻል ወይ አሏት። ስልኳን ከትራሷ ስር ወሰዱት። ልጅሽ ትንሽ ልቡን አሞታል አሏትና፣ የቀረውን ለመናገር የለንደንን ስልክ እየጠበቁ ሦስት ሰዓት ሙሉ አይን አይኗን ሲያዩዋት ነበር።

መቶ አርባ ስምንት ነው ያልከው አለችኝ።

አዎ እማዬ አልኳት።

የኔንስ ማን ቆጠረው አለችኝ።