ኬብሌን ስጠብቅ

ሰው የቤቱን ግድግዳ የሚያየው ቀለም ተቀብቶ እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ በሩን ያያል፣ መስኮቱን ያያል፤ ግድግዳው የመንገደኛ ጉዳይ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የቤትህ የውጭ ግድግዳ ቀለሙ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ገብቼ እናቴን እጠይቅላችሁ ነበር። ዛሬ ግን በየት በኩል እንደተሰነጠቀ፣ ዝናቡ በየት እንደሚወርድ፣ እንሽላሊቷ የቱ ድንጋይ ላይ ሆና ፀሐይ እንደምትሞቅ ሳልንተባተብ ልነግራችሁ እችላለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ጥቁር የሶላር ኬብል ነው። ዕቃ ስትገዙ ጥርጣሬውን በነፃ ይጨምሩላችኋል፤ ለእኔ ሳያበዙልኝ አልቀሩም።

ሶላሩን ያስገባሁት ለቅንጦት አልነበረም። እናቴ የስኳር መድኃኒት ትወጋለች። መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ እኛን ብዙም አይፈልገንም። አንድ ጊዜ ጠፍቶ ሰነበተና መድኃኒቱ ተበላሸብን። ሌላ ላመጣላት በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስሄድ፣ ሾፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር እንዴት እንደተቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የዚያን ቀን ማልኩ፤ ትንሽ ፍሪጅ፣ ባትሪና ሶላር ገዛሁ።

ሶላሩን የገጠመልኝ ከኮምቦልቻ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ፋብሪካ እየሠራ በእረፍቱ ቀን ሶላር ይገጥማል። ደሴን የረገጠ የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በመጀመሪያ ጃኬቱን ቆለፈ፤ ቀጥሎ ሰማዩን አየና "እናንተ ዘንድ ፀሐይዋ በቀጠሮ ነው እንዴ የምትመጣው?" አለኝ። ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ ጠፍጣፋ አድርጎ ገጠመው፣ ኬብሉን በግድግዳው አወረደው፣ ሲጨርስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረኝ።

"ዋናው ኬብሉ ነው። ኬብልህን ጠብቅ። ሰው መሃል ላይ ቀጥሎ መብራቱን ይወስድብሃል።"

እሱ ወደ ቆላው ወረደ። ንግግሩ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰፈራችን ዳገት ላይ ነውና ቤቶቹ እንደ ደረጃ ነው የተደረደሩት። የእኔ ጣሪያ የሚያልቀው የላይኛው ጎረቤቴ ግቢ በሚጀምርበት ነው። ከታች ሆኜ ወደ ላይ ባንጋጥጥ ከቆርቆሮው ጫፍ በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። የላይኛው ጎረቤቴ ሀጂ ይማም ይባላሉ፤ አንቱ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰኞ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ምን ይሸጣሉ መሰላችሁ? የኤሌክትሪክ ገመድ!

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ባላልኩ። ግን ኅዳር ገብቶ፣ ጉሙ ተገፎ፣ ሰማዩ ወለል ባለበት ወቅት ባትሪዬ መሙላት አቆመ። ጠዋት ደህና ይጀምራል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ጭራሽ ይደክማል። አመሻሹ ላይ ፍሪጁ አንዴ ያጓራና ዝም ይላል። እናቴ "ደግሞ ምን ሆነ?" ትላለች፤ እኔ መድኃኒቱን አውጥቼ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ። በደመና የሚሠራ ሶላር በፀሐይ የሚሰንፍ ከሆነ የሰው እጅ አለበት ማለት ነው። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ግድግዳው ላይ እያፈጠጥኩ ኬብሉን ማጥበቅ ያዝኩ። የግድግዳ ክሊፕ የምገዛበት ቅርብ ሱቅ ደግሞ የተጠርጣሪው ነው። ሀጂ ይማም ክሊፑን ቆጥረው ሰጡኝና አንድ እፍኝ ጨምረው መረቁልኝ። ነጋዴ በባዶ ሜዳ ይመርቃል? ቤቴ ድረስ ይህን ሳብላላ ሄድኩ። ክሊፑን መታሁት፣ ኬብሉን በፕላስቲክ ቱቦ ሸፈንኩት፣ እጅ ይደርስበታል ያልኩት ቦታ ላይ እሾህ አሰርኩ። በማግስቱ እሾሁ የወጋው እኔኑ ነው።

በመጨረሻ አንዱን እሑድ ወንበር አውጥቼ ግድግዳው ፊት ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ሰው እያለፈ ሰላም ይለኛል፤ ዓይኔን ከኬብሉ ሳልነቅል "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ሀጂ ይማምም አለፉ። ቆም ብለው አዩኝ፣ ግድግዳውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩኝና ከንፈራቸውን መጠው ሄዱ። የሌባ ዓይን አይጠፋኝም አልኩ። ኬብሉን ከእንሽላሊቷ በቀር የነካው አልነበረም፤ ቀትር ላይ ግን ባትሪው እንደለመደው ወረደ።

እንዲህ ሳምንት ሙሉ ዘብ ዋልኩና በቀጣዩ እሑድ ነገሩ ገባኝ። ከላይ ነው የሚቀጥሉት! ከታች የማይታየኝን ጫፍ ይዘውታል። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከፍሪጁ አውጥቼ ስዳስሰው ለብ ብሏል፤ ያኔ የሃያ ዓመት ጉርብትና ከዓይኔ ጠፋ። ሀጂ ካላመኑ በሽማግሌ፣ በሽማግሌ ካልሆነ በቀበሌ ብዬ፣ የምናገረውን በሆዴ እየደረደርኩ ዳገቱን ወጣሁ።

ሀጂ ይማም ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። "አብሽር! ና ግባ" ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ አልተቀመጥኩም።

"ሀጂ፣ እርስዎን የማከብርዎት እንደ አባቴ ነው፤ ግን..." አልኩና በግቢው ጠርዝ በኩል ወደ ታች፣ ወደ ጣሪያዬ አየሁ።

ሶላሬ የለም። ጥቁሩ መስታወት በነበረበት ቦታ የተዘረጋው ቀይ ነው። ዳር እስከ ዳር፣ ማዳበሪያ ተነጥፎበት፣ የተሰጣ በርበሬ!

የሀጂ ባለቤት እትየ ዘይነባ ከወደ ጠርዙ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያገላብጡታል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"መጣህ? ይኸን መስታወትህን እንዴት ብዬ ላመስግንህ! ወላሂ፣ ከሥሩም ከላዩም ነው እሚያሞቀው። ደመናው ገፈፍ ሲል አሰጣዋለሁ፣ ሳይመሽ አነሳዋለሁ። እንዲህ ያለ ማድረቂያ አይቼ አላውቅ።"

"በርበሬው የማን ነው?" አልኩ።

"ይኸማ ገራዶ ላለችው ልጄ ነው። በፊት የሰጣሁት ነው የናንተ። እማየህ አይደለች፣ ግቢያችን ፀሐይ የለው፣ አንች ዘንድ አስጭልኝ ብላ የሰደደችው? እኔም ከኔ ግቢ የሷ ልጅ ጣሪያ ይሻላል አልኩ።"

አስቡት። እናቴ የገዛ መድኃኒቷን ቅዝቃዜ በገዛ በርበሬዋ ሸፍናለች፤ እኔ ደግሞ ከታች ለእንሽላሊት ዘብ ቆሜያለሁ። የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ፍሪጁንና መድኃኒቱን እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። እትየ ዘይነባ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፤ "ያረቢ! መርፌዋን?" ብለው ማዳበሪያውን ከነበርበሬው ጎትተው አነሱት። እንባቸው መጥቶ ነበር። የእኔም።

ሀጂ ይማም ግን እፎይ ብለው ምንጣፋቸው ላይ ጋደም አሉ።

"አልሐምዱሊላህ! በርበሬ ነው በለኛ። እኔ እኮ ግድግዳ ላይ አፍጥጠህ ስትውል ሳይህ ልጁ ነካ አደረገው ብዬ ጁምዓ ዱዓ አስደርጌልሃለሁ። ያን ክሊፕ የመረቅኩልህም አንጀቴን በልተኸኝ ነው።"

እንግዲህ እኔ እሳቸውን በሌብነት ስጠረጥር፣ እሳቸው እኔን በእብደት ጠርጥረውኛል። ከሁለታችን ወደ እውነቱ የቀረቡት እሳቸው ናቸው።

ወደ ቤት ስወርድ ፍሪጁ ማጓራት ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱን በጥንቃቄ አስገባሁና ምሳ ቀረብኩ። እናቴ የጎረስኩትን እስክውጥ ጠብቃ "የዘንድሮ በርበሬያችን እንዴት ነው? ዘይነባ ፀሐይ አጥግባልኛለች" አለችኝ።

ወጡን አየሁት፤ እንደ ፍም ቀልቷል። ስንት ቀን ሙሉ ዘብ ቆሜ ያጣሁት ሌባ ሳህኔ ላይ ተኝቷል። ጠቅልዬ ጎረስኩት፤ ምን ላድርግ፣ ይጣፍጣል።