የሚያልበው ጣሪያ

ጣሪያው እያፈሰሰ «አያፈስም» ብሎ የሚሟገት አከራይ ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ጋሽ ታደለ ናቸው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ፎቃቸው የመጨረሻው ወለል ላይ የጨንቻ ጋቢ እሸጣለሁ። ከበላዬ ዝርግ የኮንክሪት ጣሪያ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጋቢዎቼ ይርሳሉ።

«በአርባ ምንጭ ሙቀት ኮንክሪቱ አልቦት ነው» ይሉኛል። እንደ አረፋ ተረጭቶ የሚደርቅ መድፈኛ እንዳለ ብነግራቸው፣ «ፎቄን ሳሙና ልቀባው? ካልተመቸሽ ልቀቂ» አሉ።

«አልለቅም» አልኩ።

አንድ ቀን በዝናብ ክፍሌን ሊያሳዩት ሌላ ተከራይ ይዘው መጡ። ጠብታውን የምቀበልበትን ባልዲ አነሳሁና በቦታው ወንበር አስቀመጥኩ።

«አረፍ ይበሉ ጋሽዬ።»

ተቀመጡ። ጠብታው መላጣቸው ላይ ያርፍ ጀመር። ቢነሱ ማፍሰሱን ማመን ነው፤ ታዲያ እንዴት ይነሱ? እንግዳው «ይሄ ውሃ ከየት ነው?» ሲላቸው «ላብ ነው» አሉ። ሰውየው ሳቁን አፍኖ ወጣ። እሳቸው ዝናቡ እስኪያባራ ንቅንቅ አላሉም።

በሳምንቱ አረፋ ረጪዎቹ ጣሪያው ላይ ወጡ። ማፍሰሱም ቆመ።

«አፍስሶ እንዳይመስልሽ» አሉኝ ጋሽ ታደለ፤ «ለሙቀቱ ብዬ ነው።»

«ይሁንልዎ» አልኩና ጋቢዎቼን እስከ ጣሪያው ድረስ ደረደርኩ።