ክቡር ባዶ-ቢሆንስ

ኮድ በሚጻፍበት ቢሮ ሁሉ፣ ሌላው ደፍሮ እንዲሠራ ለሁሉም የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው ክቡር ባዶ-ቢሆንስ ይባላሉ። ማዕረጉንም ስሙንም የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ከአፋቸው ሌላ ቃል አይወጣማ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ከርነል የሚባለው የማሽኑ አስኳል በረኛ አለው። መግባት የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ በዚህ አጣሪ ይፈተሻል፦ የያዝከው አድራሻ እውነተኛ ነው? እዚያ ያለውስ ያልከው ዓይነት ነገር ነው? ባዶ፣ የትም ቦታ የማያመለክት አድራሻ ይዞ የገባ እንደሆነ ማሽኑ በሙሉ ቀጥ ይላል። ክቡርነታቸው የአጣሪው አጣሪ ናቸው። አጣሪውን የሚነካ ለውጥ ሁሉ ሳያዩት አይወጣም።

ሊፍት ሲከፈት አንድ እግራቸውን አስቀድመው ልከው ወለል መኖሩን ያረጋግጣሉ። ወንበር ሳይዳብሱ አይቀመጡም። ባለቤታቸው ልጁ ተኝቷል ሲሏቸው "አይተሽው ነው ወይስ ገምተሽ?" ይላሉ አሉ። ትዳሩ እስካሁን መቆየቱ ይገርመኛል።

ሰሞኑን ግን ሳቁ ቆመ። እናቴ ሆስፒታል ገባች። ልቧን የሚከታተለው ማሽን የሚሠራው በኛው ከርነል ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉም ይዘገያል። አለቃችን ደወሉን የሚያፈጥን ለውጥ ጻፉ። ክቡርነታቸው አላሳልፍም ብለው ያዙት። ሲጠየቁ "ባዶ ቢሆንስ?" ነው። እኔ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስክሪኑ ላይ የልብ ምቷን መስመር ሳይ እውላለሁ፤ ዓይኔን ብከድን የሚቆም ይመስለኛል።

ይህን ሙያ ብቻዬን ታግዬ ነው የተማርኩት፤ የሚያስጠብቀኝ ሰው አይጥመኝም። ጠረጴዛቸው ድረስ ሄጄ ፍርሃታቸው ሰው ሊገድል መሆኑን ነገርኳቸው። እናቴ እዚያ መተኛቷንም ጨመርኩ።

"እሱን ስለማውቅ ነው ያላሳለፍኩት" አሉኝ። ወንበር ዳብሰው ሳቡልኝ። "ና፣ ተቀመጥ እስቲ።"

አዲሱ ለውጥ፣ አድራሻው ባዶ መሆኑ ሳይጠየቅ ቁጥር እንዲደመርበት ይፈቅዳል። "ቤት የሌለው ሰው 'ከቤቴ ስምንት በር እለፍ' ብሎ ቢልክህስ?" አሉ። "አቅጣጫ ይዘሃል፤ ቤት ግን የለም። ባዶ ላይ ስምንት ከተደመረ ባዶ አይመስልም። አጣሪው ባዶ ነህ ወይ ሲለው፣ አይደለሁም ብሎ ይገባል።"

የሙከራው ማሽን ላይ አስኬዱት። የልብ ምቱ መስመር ትንሽ ዘለለና ስክሪኑ ጠቆረ። ደወል የለም። ጭራሽ ዝም።

አለቃችን ተጠርተው መጡ። እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው ብለው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

"እናቴን አንዴ ይበቃታል" አልኳቸው።

ለውጡ ተስተካከለ፤ መጀመሪያ ባዶነቱ ይጠየቃል፣ ከዚያ ይደመራል። ክቡርነታቸው ደግመው ደጋግመው አንብበው አሳለፉት። ማሽኑ ላይ በተጫነ ማግስት ሆስፒታል ስደርስ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ወንበሩን እንደዳበሱት እርግጠኛ ነኝ። ዓይናቸው ከመስመሩ ላይ አይነቀልም፤ እንኳን ደህና መጣህም አላሉኝ።

እናቴ እጄን ስባ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "እኚህ ሰውዬ ምን ሆነው ነው? ይፈራሉ እንዴ?"

"አዎ እማዬ፣ ይፈራሉ" አልኳት። "አንቺ ተኚ።"