የገመቹ ጊታርና የኦቦ ዳባ ምርቃት

አንባቢ ሆይ፣ ውጭ አገር ዞሮ የመጣ ሙዚቀኛ ጎረቤት አለዎት? እግዜር ይጠብቅዎ! እኔ አንድ አለኝ፤ ገመቹ ይባላል፣ የቡራዩ ልጅ ነው። ሳይኬደሊክ ከሚባሉት፣ አንዱን ዜማ ሰው እስኪፈዝ ድረስ ከሚያሽከረክሩት ባንዶች በአንዱ ጊታር ይጫወታል። አውሮፓን ዞሮ ከተመለሰ ወዲህ እንኳን ሙዚቃውን፣ ሰላምታውን እንኳ ማሳጠር አቅቶታል።

በቅርቡ እህቱ ሱሉልታ ከተማ ውስጥ ተዳረች። ሙሽራው ወደ ሰበታ ይዟት ሊሄድ ሲነሳ ገመቹ «አንድ ዘፈን ብቻ!» ብሎ ጊታሩን አነሳ። አንዷ ዘፈን አርባ ደቂቃ ፈጀች። ሙሽሪት እንባዋ መጣ፤ ሚዜዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። የሙሽሪትን ወንድም በሰርግ ቀን ማን ደፍሮ ያቋርጣል?

በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ዳባ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ። ሽማግሌ ሲመርቅ ሁሉም ዝም ይላል ብለው «ውለዱ፣ ክበዱ!» ሲሉ ጀመሩ። እኛም «አሜን!» አልን። ገመቹ ግን ያጀብነው መስሎት ጭራሽ ድምፁን ጨመረ። እሳቸው ሲመርቁ፣ እሱ በጊታር ሲከተላቸው፣ እኛም አሜን ስንል፣ ሙሽሮቹ በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ።

ገመቹ ላቡን እየጠረገ ወደ ሽማግሌው መጣ።

«ኦቦ ዳባ፣ እንዲህ ያለ ነገር በርሊን እንኳ አልሰማሁም! በሚቀጥለው ጉዞ ከእኛ ጋር ይሂዱ።»

ኦቦ ዳባ ከዘራቸውን ተደግፈው መለሱለት።

«እሄዳለሁ ልጄ። ግን የመጣሁት አንተን ለማስቆም መሆኑን ለፈረንጆቹ አስቀድመህ ንገርልኝ።»